ብሌኑ የነጣ ልጅ ተራ አይጠብቅ



በዚህ ጽሑፋችን ላይ ስለ ዓይን ጤና ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምታነቡት ስለ ትራኮማ ነው። የልጆችን ፊት ማጠብ፣ መፀዳጃ ቤትን በአግባቡ መጠቀም፣ ዝንብን መከላከል፣ የቴትራሳይክሊን ቅባትን ሳያቋርጡ መቀባት ሁሉ ተደጋግሞ ተነግሯችኋል። ይህ ተገቢ ነው፤ እኔም ቤት ለቤት እየዞርኩ የማስተምረው ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን አስተያየቴን ላካፍላችሁ የምፈልገው እምብዛም ስለማያጋጥም፣ አብዛኞቻችንም ስሙን ሰምተን ስለማናውቀው የዓይን ችግር ነው። ይኸውም ከዓይናችን በስተኋላ ባለው፣ ሬቲና በሚባለው ስስ ሽፋን ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች ከልክ በላይ ሲሰፉ፣ ሲያብጡና ሲያፈሱ የሚደርሰው ጉዳት ነው።

"እምብዛም የማያጋጥም ከሆነ ለምን ታደክሚናለሽ?" ትሉኝ ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆነኝ በካርቱም ያየሁት አንድ ልጅ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊዜው 2021 ነው። ካርቱም ውስጥ ዴይም በሚባለው፣ ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት ሰፈር፣ በበጎ ፈቃደኝነት በማገለግልበት ክሊኒክ አንዲት እናት የአራት ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ መጣች። ሻይ እየሸጠች ነው ልጆቿን የምታሳድገው። የመጣችው ለሳል ነበር። ሳሉን አይቼ፣ መድኃኒቱን ሰጥቼ ልሸኛት ስል በሩ ላይ ቆም አለችና "ሲስተር፣ የግራ ዓይኑ አንዳንዴ ወደ ውጭ ይሄድብኛል፤ እስቲ ይዩልኝ" አለችኝ። ውጭ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት፤ ጥቂት ሸውረር ያለ ይመስላል። "አይዞሽ እህቴ፣ ሲያድግ ይስተካከላል" ብዬ ሸኘኋት።

ባትሪ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላበራሁትም።

ከአምስት ወር በኋላ ተመልሳ መጣች። በዚህ መሐል ጎረቤት ክርስትና ተነስቶ ልጆቹ በስልክ ፎቶ ተነስተዋል። በፎቶው ላይ የልጁ ቀኝ ዓይን እንደማንኛውም ሰው ቀላ ብሎ ሲወጣ ግራው ግን እንደ ድመት ዓይን ቢጫ ሆኖ አበራ። አንዱ የስልኩ ችግር ነው አለ፤ ሌላው ቡዳ ነው አለ። እናትየዋ ግን ልቧ አላረፈም። ወደ አንድ የጤና ተቋም ብትወስደው የዓይን ቅባት ተሰጣትና ሁለት ሳምንት ቀባችው። ቅባቱ ምንም አላደረገም፤ ሊያደርግም አይችልም፤ ችግሩ ያለው ቅባት በማይደርስበት በዓይኑ ውስጠኛ ክፍል ነውና። ያን ዕለት መስኮቱን ጋርጄ ባትሪውን አበራሁ። የቀኙ ብሌን ጠቆር ያለ ነው። የግራው ብሌን ውስጥ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ ነገር አየሁ። እጄን ከቀኝ ዓይኑ ላይ ሳነሳ ልጁ ሳቀልኝ። ከዚያ በፊት በሸፈንኩበት ጊዜ ምንም እንዳላየኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ከከተማዋ ትልልቅ የዓይን ሆስፒታሎች ወደ አንዱ አብረን ሄድን። ካርቱም ከጦርነቱ በፊት በዓይን ሕክምና የታደለች ከተማ ነበረች። የካርቱም የዓይን ማስተማሪያ ሆስፒታልና ሪያድ በሚባለው ሰፈር የነበረው የመካ የዓይን ሆስፒታል በአገሪቱ ከሩቅም ከቅርብም ሰው የሚመጣባቸው ነበሩ፤ ስደተኛውም ይሄድባቸው ነበር። ለልጁ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ተደረገለት፤ አልትራሳውንድ ታዘዘለት፤ በኋላም በማደንዘዣ ተኝቶ ሁለቱም ዓይኖቹ ታዩ። ውጤቱ "ኮትስ" የሚባል በሽታ መሆኑን ሐኪሙ ነገረን። እኔ ይህን ስም ያን ዕለት ሰማሁት። በተማርኩበት የነርስነት ትምህርት ውስጥ አልነበረም፤ ቢኖርም ኖሮ ለፈተና ሸምድጄ እረሳው ነበር።

ኮትስ ምንድን ነው? ጆርጅ ኮትስ የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ የዓይን ሐኪም በ1908 የጻፈው በሽታ ስለሆነ በእርሱ ስም ይጠራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ወንዶች ልጆችን ነው፤ ከአራት ታማሚዎች ሦስቱ ያህል ወንዶች ናቸው። ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይን ብቻ ይይዛል። ከአሥር ዓመት ዕድሜ በፊት የሚታወቅባቸው ይበዛሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በተለመደው መልኩ ከወላጅ የሚወረስም አይደለም። እናትየዋ ደጋግማ የጠየቀችው ይህንን ስለነበር አሁንም ልድገመው፦ እናት በእርግዝና ጊዜ የበላችው ወይም ያልበላችው ነገር አያመጣውም፤ የሰው ዓይንም አያመጣውም።

የሚሆነው እንዲህ ነው። በውኃ መቅጃችን ላይ ያለውን የፕላስቲክ ቱቦ አስቡት። አንዱ ቦታ ሲሳሳ እዚያው ላይ ያብጣል፤ ካበጠበትም ውኃ ማንጠባጠብ ይጀምራል። በኮትስም የሬቲና ጥቃቅን ደም ሥሮች ግድግዳቸው ይሳሳል፤ እንደ ትንንሽ አምፑል ያብጣሉ፤ የደሙ ውኃና ስብ ሾልኮ ይወጣል። ውኃው ቢመጠጥም ስቡ ይቀራል። ፎቶ ላይ ቢጫ ሆኖ የታየው ይኸው የስብ ክምችት ነው። ፈሳሹ እየበዛ ሲሄድ ሬቲናውን ከግድግዳው ያላቅቀዋል። የተላቀቀ ሬቲና አያይም። በጣም ሲዘገይ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሕመምም ይመጣል፤ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ዓይኑ እስከመውጣት ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ አያለቅስም፤ መጀመሪያ ላይ ዓይኑ አይቀላም፣ አያሳክከውም፣ አር አያወጣም። ሌላው ዓይኑ ስለሚያይለት ያለ ችግር ይሮጣል፣ ይጫወታል። አንድ ዓይን እንደጠፋ ቤተሰብ ሳያውቀው ዓመት ሊያልፍ የሚችለው ለዚህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን በጥሞና አንብቡልኝ።

ብሌን እንዲነጣ የሚያደርገው ኮትስ ብቻ አይደለም። የሕፃናት የዓይን ሞራ አለ፤ ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የሚደርስ የሬቲና ደም ሥር ጉዳት አለ። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የሬቲና ካንሰር ነው። ይህም ብዙ የሚያጋጥም አይደለም፤ ከ15 ሺህ እስከ 20 ሺህ ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱን ነው የሚይዘው። አብዛኞቹ የሚታመሙት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ለእኛ፣ ባትሪ ይዘን ለምናይ ሰዎች፣ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ብሌንን ያነጣሉ፣ ሁለቱም ያሸውራሉ። ፎቶ ላይ ኮትስ ወደ ቢጫ፣ ካንሰሩ ወደ ነጭ ያደላል ይባላል። በዚህ ተማምኖ "ቢጫ ነውና ካንሰር አይደለም፣ ይቆይ" የሚል የጤና ሠራተኛ ካለ ግን ትልቅ ጥፋት እየፈጸመ ነው። ኮትስ ዓይን ያጠፋል፤ ካንሰሩ ሕይወት ያጠፋል።

በ2020 የታተመ፣ ከ153 አገሮች የተሰበሰቡ ከ4 ሺህ 300 በላይ ታማሚ ሕፃናትን ያየ ዓለም አቀፍ ጥናት አለ። በበለጸጉት አገሮች ልጆቹ የተለዩት በአማካይ ገና በ14 ወር ዕድሜያቸው ገደማ ነበር። በድሆቹ አገሮች ግን ከ30 ወር በኋላ ነው። በድሆቹ አገሮች ከተለዩት ግማሽ ያህሉ ካንሰሩ ከዓይን ውጭ ከወጣ በኋላ የመጡ ናቸው፤ በበለጸጉት ግን ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። በአብዛኞቹ ላይ መጀመሪያ የታየው ምልክት ደግሞ ያው የብሌን መንጣት ነው። ምልክቱን እናት ታያለች፤ በጊዜ ሆስፒታል የሚያደርሳት ግን የለም።

ያቺ እናት መጀመሪያ ስትመጣ "ሲያድግ ይስተካከላል" ያልኩት እኔ ነኝ። ያ ልጅ የያዘው ሬቲኖብላስቶማ ቢሆን ኖሮ አምስቱ ወር ምን ያደርግ እንደነበር አሁን አሁን ሌሊት ይታሰበኛል።

ወደ ምርመራው ልመለስና፣ ሐኪሞቹ ሁለቱን እንዴት እንደሚለዩ ጥቂት ልንገራችሁ፤ ሆስፒታል ስትደርሱ ምን እንደሚደረግ ብታውቁ ፍርሃታችሁ ይቀንሳልና። ትንሽ ልጅ ጸጥ ብሎ ስለማይታይ ማደንዘዣ ያስፈልጋል። ብሌኑን በጠብታ አስፍተው በግንባራቸው ላይ በሚያስሩት መብራት ሬቲናውን ዳር እስከ ዳር ያዩታል። በአልትራሳውንድ በዓይኑ ውስጥ ዕብጠት መኖር አለመኖሩን፣ እንደ ኖራ የደረቀ ነገር መኖሩንም ያያሉ፤ ኖራ መሳዩ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በካንሰሩ ነው። በሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ዕብጠት ሲኖር በመርፌ ናሙና እንደሚወሰደው በዓይን ላይ ማድረግ ካንሰሩን ወደ ውጭ ሊያስወጣው ስለሚችል አይደረግም። ስለዚህ "ለምን በመርፌ አልመረመሩትም?" ብላችሁ አትጠራጠሩ። አንድ ዓይን ብቻ ቢታመምም ሁለቱም ዓይኖች ይታያሉ።

የኮትስ ሕክምና በጊዜ ለደረሰ ተስፋ ያለው ነው። የሚያፈሱትን ደም ሥሮች በሌዘር ጨረር ያደርቋቸዋል፤ ፈሳሹ በዝቶ ጨረሩ በደንብ ካልያዘ ደግሞ በከፍተኛ ቅዝቃዜ ከውጭ በኩል ያከስሟቸዋል። ቤቫሲዙማብ የሚባል መድኃኒት በዓይን ውስጥ በመርፌ ጨምሮ መስጠትም አለ። አንድ ጊዜ አድርጎ መገላገል ግን የለም። ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ ከዳነ ከዓመታት በኋላም ሊያገረሽ ይችላል። ለዚህ ነው ክትትሉ ከሕክምናው እኩል የሆነው። ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ የሚያቅተን ሕክምናው ሳይሆን ክትትሉ ነው። መጓጓዣ አለ፣ ቢጣቃው ጊዜው አልፎ መንገድ ላይ መያዝ አለ፣ ከሻይ መሸጫዋ ላይ ቀን ሙሉ መቅረት አለ።

የዚያ ልጅ ሬቲና አብዛኛው ተላቆ ስለነበር ዓይኑ የማየት ተስፋ አልነበረውም። በቅዝቃዜው ሕክምና ፈሳሹን አቁመው ዓይኑ ሳይወጣ እንዲቆይ ለማድረግ ነው የሞከሩት። ሦስት ጊዜ ተደረገለት። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲጀመር አራተኛው ቀጠሮ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ውጊያ ባለባቸው አካባቢዎች ከአሥር ሆስፒታሎች ሰባት ያህሉ ሥራ ማቆማቸውን አስታውቋል። ዴይምም ተበተነ። እኛ ወደዚህ ወደ ገዳሪፍ በኩል መጣን፤ ሌላው በመተማ ገባ፤ ሌላውም እዚያው ቀረ።

ስለ አዋቂዎችም ሳልጠቅስ አላልፍም። ከሃያ እስከ አርባ ዓመት ባለው ዕድሜ ያለ ወጣት፣ በተለይ ወንድ፣ በድንገት በአንድ ዓይኑ ፊት ጥቀርሻ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ሲንሳፈፍ ካየ ወይም ዓይኑ እንደ መጋረጃ ከተሸፈነበት፣ ዓይኑ ውስጥ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል። ሄንሪ ኢልስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1880 የጻፈው የሬቲና ደም ሥር በሽታ እንዲህ ያደርጋል። ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ግንኙነት እንዳለው ሐኪሞች ስለሚናገሩ፣ ቲቢ በሚበዛበት እንደኛ ባለ ካምፕ ሊዘነጋ አይገባም። ሌላው ሲክል ሴል ነው። ይህ የደም በሽታ በደጋው ኢትዮጵያ ብዙ አይታወቅም፤ በሱዳን ግን፣ በተለይ በኮርዶፋንና በዳርፉር፣ ይታወቃል። በሱዳን ስለ በሽታው በመጀመሪያ የጻፈው በካርቱም ይሠራ የነበረው ሐኪም አርቺባልድ ሲሆን ጊዜውም 1926 ነው። ቅርጻቸው የተበላሸ የደም ሴሎች የሬቲናን ጥቃቅን ደም ሥሮች ይዘጋሉ፤ በምትካቸው የሚበቅሉት አዳዲስ ሥሮች ደካሞች ስለሆኑ ይደማሉ። ከሱዳናውያን ተፈናቃይ ጎረቤቶቻችን መሐል ልጃቸው ሲክል ሴል ያለበት ካለ ዓይኑም በየጊዜው መታየት እንዳለበት ንገሯቸው። ለሁሉም ዋናው ነገር፣ ሳያም በድንገት የሚመጣ የማየት ችግር ቅባት የሚጠይቅ አለመሆኑን ማወቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው አስተያየቴ ልምጣ። ይህን ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ድርጅትም እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ።

ወደ ከተማ ሆስፒታል ለሚላኩ ሕሙማን ቅደም ተከተል አለ። በመጀመሪያው ረድፍ ሕይወታቸው አስጊ ሁኔታ ላይ ያለ ይላካሉ፤ ምጥ የጠናባት እናት፣ ደም የሚፈሰው፣ ራሱን የሳተ። ዓይን በመጨረሻው ረድፍ ነው፤ "አስቸኳይ ያልሆነ" ተብሎ መኪና ሲገኝ፣ ገንዘብ ሲተርፍ ይታያል። ይህን የሚወስኑትን ሰዎች አልወቅስም። በ2025 የእርዳታ ገንዘቡ ምን ያህል እንደተቀነሰ ሁላችንም በራሽናችን አይተነዋል፤ አንድ መኪና ይዞ ምጥ ላይ ባለችና ዓይኑን ባመመው መሐል መምረጥ ቀላል አይደለም። እኔም ብሆን ምጧን ነው የምልክ። የምቃወመው ዓይን ሁሉ በአንድ መስመር መጻፉን ነው። የነጣ ብሌን ያለው ሕፃን የዓይን ሕመምተኛ ብቻ አይደለም፤ ካንሰር አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ በካንሰር የተጠረጠረ ሕፃን ነው። ቦታው ከመጀመሪያው ረድፍ ነው። በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ልጅ ይመጣል? አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ምናልባትም ማንም አይመጣም። እንግዲህ "እምብዛም አያጋጥምም" የሚለው ቃል ላለመላክ ምክንያት ሆኖ ሲቀርብ እሰማለሁ፤ ለእኔ ግን ተቃራኒው ነው የሚታየኝ። እምብዛም ስለማያጋጥም ወጪውም እምብዛም ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ "እዚህ ሬቲና የሚያይ ሐኪም በሌለበት ሕዝቡን ማስፈራራት ምን ይጠቅማል?" ብሎኛል። ቁም ነገር አለው። ልጁን ገዳሪፍ ቢያደርሱትም ከዚያ ወዲያ የሚላክበት ቦታ ሩቅ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በሽታውን መለየት የሐኪሙ ሥራ ነው፤ መጠርጠር የእኛ ነው። እኛ ካልጠረጠርን የትኛውም ሐኪም አያየውም።

በመሆኑም በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ በክትባት ቀን ሕፃኑ ክንዱን ሲወጋ እያለቀሰ ስለሆነ ከመወጋቱ በፊት ዓይኑን እዩት። ጥላ ወይም ጨለም ያለ ቦታ ያዙት፤ ባትሪውን ከእናንተ ዓይን አጠገብ አድርጋችሁ ከአንድ ክንድ ርቀት አብሩ። የእኛ ልጆች ዓይን ጥቁር ስለሆነ የሚመለሰው ብርሃን እንደ ፈረንጅ ልጅ ደማቅ ቀይ ላይሆን ይችላል፤ ደብዘዝ ብሎ ቢታይ አትደንግጡ። የምትፈልጉት ልዩነትን ነው፤ አንዱ ዓይን ከሌላው የተለየ እንደሆነ። ከዚያም አንዱን ዓይን በእጃችሁ ከልሉ፤ በዚህኛው ሳይረበሽ በዚያኛው ሲከለል የሚያለቅስና እጃችሁን የሚገፋ ልጅ የሚያይበትን ዓይን እየነገራችሁ ነው። ባትሪ በደንብ የሚያሳየው ችግሩ ከገፋ በኋላ ነውና ባትሪው ምንም አላሳየም ብላችሁ እናት ያየችውን አትሻሩ። ድርጅቱ አርክላይት የሚባለውን በፀሐይ የሚሞላ፣ ኪስ የሚገባ ትንሽ የዓይን ማያ መሣሪያ ለክሊኒካችን አንድ እንኳ ቢገዛልን ሥራው እጅግ ይቀላል።

እናቶች፣ አባቶች፦ ስልክ ያላችሁ፣ ወይም ስልክ ያለው ጎረቤት ያላችሁ፣ ልጁ ስልኩን ቀጥ ብሎ እያየ በደብዛዛ ቦታ በብልጭታ ፎቶ አንሱት። ልጁ ወደ ጎን ካየ ጤነኛ ዓይንም ነጣ ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ደጋግማችሁ አንሱ። በተደጋጋሚ አንዱ ዓይን ብቻ ነጭ ወይም ቢጫ ከሆነ ያንኑ ዕለት ወደ ክሊኒክ ኑ፤ ፎቶውንም አታጥፉት። ስድስት ወር ያለፈው ሕፃን ሁልጊዜ ከሸወረረም ኑ። የጡት ወተት፣ ስኳር፣ ቅጠል ዓይን ውስጥ አትጨምሩ። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፣ ዱዓ የምታስደርጉም አስደርጉ፤ ሐኪም ዘንድ መሄዱን ግን ለነገ አታሳድሩ። "ሲያድግ ይስተካከላል" የሚል የጤና ሠራተኛ ካጋጠማችሁ፣ እኔም ብሆን፣ "ባትሪ አብሪልኝ" በሉ።

ያቺ እናት ባለፈው ዓመት ደውላልኝ ነበር። ከልጆቿ ጋር ጎንደር ገብታለች። ከካርቱም ሲወጡ ልብስም ዕቃም ትታ የልጁን የሆስፒታል ወረቀቶችና የአልትራሳውንዱን ፎቶ ከቢጣቃዋ ጋር በላስቲክ ጠቅልላ በደረቷ ይዛ ነው የወጣችው። ጎንደር በዩኒቨርሲቲው የዓይን ሕክምና ማዕከል ያንን ወረቀት አሳይታ ክትትሉን ከቆመበት አስቀጥላለች። ልጁ አሁን ስምንት ዓመት አልፎታል፣ ትምህርት ቤት ገብቷል። ከፊት ወንበር እንዲያስቀምጡት አስተማሪውን ጠይቂ አልኳት። "ጠይቄያለሁ ሲስተር፤ በቀኝ በኩል ኳስ ሲመጣ ይይዛል፣ በግራ ሲመጣ ግን ይመታዋል" አለችኝና ሳቀች።